ክስተት የለም

ምክትል ርዕሰ መምህሩን መምህራኑ ከጀርባው «ጋሽ ዜሮ» ይሉታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው ራሱ ያውቀዋል፣ በሰማው ቁጥርም ደረቱን ይነፋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና በትምህርት ቤቱ በተሰጠባቸው ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ የፈተና ጣቢያው ኃላፊ እሱ ነበር፤ በዘጠኙም ዓመት የክስተት ቅጽ የሚባለው ወረቀት ከእሱ ጣቢያ የወጣው ባዶውን ነው። ሌላ ጣቢያ ተማሪ ይታመማል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ መብራት ይጠፋል፤ ሁሉም ይመዘገባል። እሱ ጋ ግን ማንም አይታመምም፣ ምንም አይቀደድም። ቢቀደድም አይጻፍም። በቅጹ ግርጌ ቀጥ ባለው የእጅ ጽሑፉ «ክስተት የለም» ይልና ማኅተሙን አሳርፎ፣ አንድ ጊዜ እፍ ብሎበት፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሸኘዋል። ዋናው መሥሪያ ቤትም ደስ ይለዋል፤ ባዶ ወረቀት የሚጠላ መሥሪያ ቤት የት አለና።

ዘንድሮ አሥረኛው ዓመት ነው። አሥረኛውንም እንደ ዘጠኙ ካሳለፈው በአካባቢው ላሉት ጣቢያዎች ሁሉ አስተባባሪ ሆኖ እንደሚሾም ሹክ ብለውታል። ሹክ ያለውም ሊሾመው የሚችለው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ጋሽ ዜሮ ከፈተናው አንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ እህልም በቅጡ አልቀመሰም፤ ወንበር ሲቆጥር፣ የግድግዳ ሰዓት ሲያስተካክል፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ የዴስክ ቦታ ሲያሰምር ይውላል። በዴስክና በዴስክ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለካል። አንዱ ዴስክ አራት ጣት ፈቀቅ ብሎ ካገኘው የጥበቃ ሠራተኛውን አስጠርቶ እንደ ሕፃን ይቆጣዋል።

ለፈታኞቹ ሥልጠና የሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። አርባ መምህራን የተማሪ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። መመሪያውን አንብቦ ሲጨርስ የራሱን ሕግ ጨመረበት። የመነሻው ደወል ከተደወለ በኋላ ፈታኝ አፍ የለውም አለ። ተማሪ ስሙን ቢረሳ የረሳው እሱ ነው፤ መልሱን ቢያዛባ ያዛባው እሱ ነው። የተማሪ የመልስ ወረቀት ላይ ዓይኑን የጣለ ፈታኝ ያንኑ ዓይኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መመሪያው በእርግጥ እንዲህ አይልም። መመሪያው የሚለው የተበላሸ የጥያቄ ወረቀት ይቀየር፣ መቀየሩም በክስተት ቅጹ ላይ ይመዝገብ ነው። ጋሽ ዜሮ ያቺን አንቀጽ ሁልጊዜ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያነባት።

ከዚያ የቋንቋውን መምህር አስነሣ። እኚህ ሰው ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ከፈታኞቹ ግማሾቹን ራሳቸው ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የመልስ ወረቀቱን ስም ሳይጽፍበት ሊያስረክብ ሲል አይተው «ልጄ፣ ስምህ» ብለውታል። ሁለት ቃል ናት። ጋሽ ዜሮ ግን ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ አቆይቷታል።

«ይነሡና አንቀጽ አራትን ያንብቡልን» አላቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን በየኪሳቸው ፈልገው አነበቡ። ድምፅዎ አይሰማም ብሎ እንደገና አስነበባቸው። ለሦስተኛ ጊዜም አስነበባቸው። ያኔ ዘንድሮ ከፈታኝነት መሰረዛቸውን፣ በር ላይ ቆመው የተማሪ ቦርሳ እንዲቀበሉ መመደባቸውን አርባ ሰው ፊት ነገራቸው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ሲያይ ጋሽ ዜሮ አንጀቱ ራሰ። ሥልጠና ማለት ለእሱ ይኼ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቤቱ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጋሽ ዜሮ ልጅ አልወለደም። እህቱ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጇን አምጥቶ ከሚስቱ ጋር አሳደጋት። በቤት ስሟ ኩኩ ይሏታል። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም የምትፈተነውም እሱ ትምህርት ቤት ነው። የጣቢያ ኃላፊዎች ደግሞ በየዓመቱ የሚፈርሙት ወረቀት አለ። በጣቢያዬ የሚፈተን የቅርብ ዘመድ የለኝም የሚል ነው። ዘመድ ያለው ለዚያ ዓመት ብቻ ቦታውን ለሌላ ይለቃል፤ ቅጣትም የለው፣ ነውርም የለው። ግን ጋሽ ዜሮ አሥረኛውን ዓመት ለማን ይለቃል? ልጅቷ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፣ የስም ዝርዝር ላይ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የለኝም ብሎ ፈረመ። ኩኩንም አስጠነቀቃት፤ ግቢ ውስጥ ጋሼ የሚል ቃል ከአፏ እንዳይወጣ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቲቸር እንድትለው። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡም እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እሷ አሥር ደቂቃ ቆይታ ትከተላለች።

አይወዳትም ለማለት አይደለም። ይወዳታል፤ መውደድ የሚያውቀው ግን በልምምድ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምግብ ጠረጴዛውን አስጠርጎ፣ ሰዓት ይዞ፣ የድሮ ፈተና ያስፈትናታል። ፈተናው በአራት ኮድ ነው የሚታተመው። ጥያቄው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ እንዳይኮራረጁ ቅደም ተከተሉ በየኮዱ ይለያያል። ተማሪው የደረሰውን ኮድ የመልስ ወረቀቱ ላይ ያጠቁራል፤ ማሽኑም በዚያው ኮድ ያርመዋል። ኮዱን የሳተ ተማሪ ሁሉንም በትክክል ቢሠራ እንኳ ወደቀ ማለት ነው። ጋሽ ዜሮ ይህን እንደ ጸሎት አስደግሟታል። መጀመሪያ ኮድ። ወረቀቱን ሳትገልጪ ኮድ። አንዴ ካጠቆርሽው በኋላ ተመልሰሽ አትዪው፣ ላጲስ አታስነኪው፤ ማሽኑ የተፋቀ ነገር አይወድም። ኩኩ ጆሮዋ እስኪደነቁር ብትሰማውም አንድ ቀን በቃኝ አላለችም። ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። እናቷን የገደላት ምን እንደሆነ በቅጡ የነገራት ሰው ስለሌለ ራሷ ልትደርስበት ነው። ሕክምና ለመግባት ሒሳብ ከሰማንያ በላይ ማምጣት አለባት፤ በጠረጴዛው ልምምድ ደግሞ ከዘጠና በታች አምጥታ አታውቅም።

የሒሳቡ ዕለት ጋሽ ዜሮ ማለዳ ገብቶ ሰዓቶቹን እንደገና አየ። ኩኩ የምትፈተንበት ሰባት ቁጥር ክፍል ላይ የኬሚስትሪዋን መምህርት የመደባት ሆን ብሎ ነው። ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ጥላዋን የምትፈራ ልጅ ናት። ፈሪ ፈታኝ ክፍሏን ጸጥ ታደርጋለች ብሎ አሰበ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ሱፐርቫይዘርም መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እግሩ እንዳይደክም የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ደወሉ ተደወለ፤ ሁለቱ ኮሪደሩን ይዘው መንሸራሸር ጀመሩ።

ሰባት ቁጥር ውስጥ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ወጣ። ልጅቷ የመልስ ወረቀቷን አዘጋጅታ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትሠራ ገጾቹን ስታገላብጥ አራቱ ነጭ ሆነው አግኝታቸዋለች። የኬሚስትሪዋ መምህርት ከትርፎቹ አንዱን አውጥታ ቀየረችላት። ልጅቷም ተቀብላ አንገቷን ደፍታ መሥራት ጀመረች። መምህርቷ ቦታዋ ተመልሳ የተበላሸውን ወረቀት ስታየው ኮድ አንድ ነው። የሰጠቻት ትርፍ ኮድ ሦስት ነበር። እንደ ዘበት በልጅቷ አጠገብ አልፋ ሰረቅ አድርጋ ብታይ፣ የመልስ ወረቀቱ ላይ የጠቆረው አሁንም ኮድ አንድ ነው፤ ደመቅ ብሎ፣ ከክቡ ዝንፍ ሳይል።

መምህርቷ ሩብ ሰዓት ያህል ከራሷ ጋር ስትሟገት ቆየች። ልትናገር ብላ የቋንቋው መምህር ትዝ አሏት፤ ጠዋት በር ላይ ቦርሳ ሲቀበሉ አይታቸው አንገቷን ሰብራ ነው ያለፈችው። በመጨረሻ የጋሽ ዜሮን ኮቴ ስትሰማ ክፍሉን ለሁለተኛው ፈታኝ ትታ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«አንዲት ተማሪ ወረቀቷ ባዶ ገጽ ነበረበትና ቀየርኩላት» አለች በሹክሹክታ። «ኮዷን ግን አላስተካከለችም። ልንገራት?»

ሱፐርቫይዘሩ ጎኑ ቆሟል። ጋሽ ዜሮ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የተማሪ መልስ ወረቀት እንድታዪ ማን ፈቀደልሽ?»

መምህርቷ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ ወረቀቱን ስትሰጣት ኮዱን ማየት እንደነበረባት ተንተባትባ ተናገረች። የወንበር ቁጥሯን ልንገርዎትና እርስዎ ይወስኑ አለችው።

«የወንበር ቁጥር አልጠየቅኩሽም። ኮዱን የሚስት ተማሪ ይውደቅ። ነገ ሐኪም ሆኖ የሰው መድኃኒት ከሚስት ዛሬ ይውደቅ።»

ሱፐርቫይዘሩ ሳቀ፤ ጋሽ ዜሮም አብሮት ሳቀ። መምህርቷ ፊቷ ቀልቶ ገባች። ሰባት ቁጥር መሆኑ ትዝ ብሎት ለቅጽበት ኩኩ በሐሳቡ ውል ሳትለው አልቀረችም። ግን ኩኩ ኮድ ትስታለች? ማን አስተምሯት! ሱፐርቫይዘሩን ክንዱን ይዞ ወደ ስምንት ቁጥር አለፈ።

ፈተናው አልቆ ወረቀቱ ሲሰበሰብ ጋሽ ዜሮ ቢሮው ውስጥ ይቆጥር ጀመር። ሱፐርቫይዘሩ ከጠረጴዛው ማዶ ጫማውን አላልቶ ሪፖርቱን ይሞላል። ፈታኞቹ ተራ በተራ እየገቡ ጥቅላቸውን ያስረክባሉ። የሰባት ቁጥሩ ጥቅል ሲመጣ የኬሚስትሪዋ መምህርት አንዱን የመልስ ወረቀትና አንዱን የጥያቄ ወረቀት ለይታ ከላይ አስቀምጣቸዋለች። ምንም ሳትል ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። መልሱ ላይ ኮድ አንድ፣ ጥያቄው ላይ ኮድ ሦስት። ከዚያ ስሙን አነበበ።

ያንን የእጅ ጽሑፍ እንዴት አያውቀው። ስንት ጊዜ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከትከሻዋ በላይ ቆሞ አይቶታል። ስድሳዎቹን መልሶች በዓይኑ ሮጠባቸው፤ አንድም የተዘለለ የለም። ለካ ያስተማራትን አንድ በአንድ ፈጽማለች። ወረቀቱን ሳትገልጥ ኮዱን አጠቆረች፣ ከዚያ ተመልሳ አላየችውም፣ ላጲስም አላስነካችውም። ወረቀቱ መሃል መንገድ ላይ ሊቀየር እንደሚችል አልነገራትም፤ በእሱ ጣቢያ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ስለማያውቅ ለእሱም ትዝ አላለውም።

«አሁንም እኮ ይቻላል» አለች መምህርቷ ጠጋ ብላ። «መቀየሩን ቅጹ ላይ ብንጽፈው በኮድ ሦስት ያርሙላታል። ቅጣቱን እኔ እቀበላለሁ።»

ልጅቷ የማን እንደሆነች አታውቅም። ዝም ብላ ለአንዲት የማታውቃት ተማሪ ነው ራሷን የምትሰጠው። ጋሽ ዜሮ የክስተት ቅጹን ሳበው። የተማሪው ስም ይላል። የወንበር ቁጥር ይላል። ሦስተኛው መስመር የአሳዳጊ ስም ይላል፤ የሚሞላው ከተማሪው ማኅደር ነው፣ የኩኩ ማኅደር ላይ ያለው የአሳዳጊ ስም ደግሞ የራሱ ነው። የለኝም ብሎ የፈረመው ወረቀት እዚያው ሱፐርቫይዘሩ ክርን ሥር ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል። እጁ ሳያስበው ወደ ላጲሱ ሄደ። አንዷን ክብ ፍቆ ሌላዋን ማጥቆር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ላጲሱን አነሣው።

ያኔ ሱፐርቫይዘሩ ቀና አለ። «ክስተት አለ?» ብሎ ጠየቀ፣ እንደ ልማዱ፣ መልሱን ቀድሞ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

ጋሽ ዜሮ መምህርቷን አያት። ዓይኗ ውስጥ ተስፋ ነበር፤ ይኼ ሰው አሁን ሰው ይሆናል የሚል ተስፋ።

«የለም» አለ። ላጲሱን ቦታው መለሰው።

«ልጅቷስ?» አለች መምህርቷ።

«የትኛዋ ልጅ?» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ወረቀቱን ከሰባት ቁጥሩ ሠላሳ ወረቀቶች መሃል አስገብቶ ፖስታው ውስጥ ከተተው። ፖስታውን አሸገ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ አንድ ጊዜ እፍ አለበት።

ቤት ሲደርስ ኩኩ በር ላይ ጠበቀችው። ስድሳውንም ሠርታለች፤ ሁለት ጊዜ ፈትሻለች። ሚስቱ ልጅቷን አቅፋ እንባ በእንባ ሆናለች። «ጎበዝ» አላትና ራሷን ዳበሳት። እንቅልፍ አጣ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ሰውዬውን ገና አላወቃችሁትም። ለጥ ብሎ ተኛ። በማግስቱ የኬሚስትሪዋ መምህርት ለፈታኝነት ብቁ አይደለችም የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ በሳምንቱም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አስዛወራት። ስትሄድ የተሰናበታት ሰው ቢኖር የቋንቋው መምህር ብቻ ናቸው።

ሹመቱ ከውጤቱ በፊት መጣ። ከዚያ ውጤቱ መጣ። ኩኩ በሁሉም ትምህርት ከዘጠና በላይ አምጥታ ሒሳብ ከመቶ ሃያ አንድ ሆነባት። የሕክምና ትምህርት ነገር አበቃለት። ልጅቷ ቁጥሩን እያየች አላለቀሰችም፤ የሌላ ሰው ወረቀት እንደያዘች ሁሉ ግራ ተጋብታ ቆመች። ሚስቱ ግን አመመኝ ብላ ተኛች። ምሳ ላይ ጋሽ ዜሮ ኩኩን በራስሽ ተማምነሽ ነው አላት፤ ተዝናንተሽ ነው፣ ሒሳብ ቀልድ አያውቅም። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ንዴት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ በእሷ ላይ ከልቡ ተናደደባት።

ቅሬታ ያለው ተማሪ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ «በፈተናው ዕለት የተማሪውን ወረቀት የሚመለከት ክስተት ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ የሚመልሰው ያን ዕለት የጣቢያው ኃላፊ የነበረው ሰው ነው። ነበር ካለ ወረቀቱ ወጥቶ እንደገና በእጅ ይታረማል። የለም ካለ ማመልከቻው እዚያው ያበቃል። ኩኩ ቤት ውስጥ አልጠየቀችውም፤ በሕጉ መሠረት ቢሮው በር ላይ ከሌሎቹ ቅሬታ አቅራቢዎች ኋላ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ገብታ ቅጹን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሚቀጥሉት ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አለች። «መጀመሪያ የደረሰኝ ወረቀት ባዶ ገጽ ነበረበት። ፈታኟ ቀየረችልኝ። የሁለተኛውን ኮድ ማየቴን አላስታውስም። መቀየሩ ተጽፎ ከሆነ ይገኛል ብዬ ነው።»

ደርሳበታለች። ብቻዋን አስባ አስባ ደርሳበታለች። ጋሽ ዜሮ ከመደርደሪያው ማኅደሩን አወረደ። ውስጡ ያለውን እያወቀ፣ ፊቷ ላይ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠና የክስተት ቅጹን ግልባጭ አዙሮ አሳያት። ክስተት የለም ይላል፣ በእሱ ጽሑፍ፣ በእሱ ማኅተም። ፈታኟን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀችው። ጠይቄያታለሁ አላት፤ ምንም የተቀየረ ወረቀት የለም ብላለች አለ።

ኩኩ ጽሑፉን ረጅም ጊዜ አየችው። ባደገችበት ቤት ጋሼ ይቆጣል፣ ጋሼ ይለካል፣ ጋሼ ያስጨንቃል። ጋሼ ዋሸ ሲባል ግን ሰምታ አታውቅም። ቅጹን ካመነች የራሷን ማስታወስ መካድ አለባት፤ ቅጹን አመነች።

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት ማለት ነው፣ ጋሼ?»

ቃሉ አምልጧት ነው። በሩ ላይ የቆሙት ልብም አላሉት፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው። እሱ ግን ልብ አለው።

«ቲቸር በይ» አላት። «አዎ፣ አንቺው ነሽ።»

በባዶው ቦታ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታበት፣ አንድ ጊዜ እፍ ብሎበት ሰጣት። ኩኩ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመሰግናለሁ ቲቸር ብላ ወጣች። ጋሽ ዜሮ ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።